የማን ናት?

ባለፈው ክረምት ነቀምቴ ላይ፣ ከወጣቶች ኅብረት ጸሎት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ቁጭ ባልንበት አንድ ወሬ ተነሣ። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ያለፈው አንዲት እህት ልታገባ ነው ተባለ። ሊያገባት ያሰበው ወንድም በዕድሜ ከእርሷ ትንሽ ያንሳል፤ አግብቶም አያውቅም። አንዱ «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» አለ። ሌላው «ልጁስ ምን ነካው? ያላገባች ሞልታ የለም ወይ?» አለ። አንዲት ልጅ ደግሞ እየሳቀች፣ «እሺ፣ በሰማይ የማን ሚስት ልትሆን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን ሳቁ አልተከተለኝም፤ የተከተለኝ ጥያቄው ነው።

ለእኛ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በወለጋ፣ በከተማውም በገጠሩም፣ ስንት ወጣት ሴት ጥቁር እንደ ለበሰች እናውቃለን። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ መበለት የተባሉ እህቶች በየጉባኤያችን አሉ፤ አንዳንዶቹ በመዘምራን መካከል አጠገባችን ቆመው ይዘምራሉ። እንዲህ ያለች ሴት የሞተውን እየወደደች ሕያውን መውደድ ትችላለች ወይ? የሚወዳትስ ሰው ሟቹን ምን ያድርገው? እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጥያቄ በሚገባ ተዘርዝሮ ያገኘሁት በስብከት ውስጥ አይደለም። በጃፓን የሥዕል ታሪክ ውስጥ ነው።

አውቃለሁ፤ «አኒሜ» ሲባል ከእኛ መካከል ግማሹ ይደሰታል፣ ግማሹ ይቆጣል። በፍላሽ እየተቀባበልን የምናያቸው አብዛኞቹ የፍልሚያ ናቸው። ይህኛው ግን ሰይፍም ጋኔንም የለበትም። «ሜዞን ኢኮኩ» ይባላል። ሩሚኮ ታካሃሺ የተባለች ሠዓሊና ደራሲ ከ1980 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣችው ነው፤ በ15 ቅጽ ታትሟል። ከ1986 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ96 ክፍል ለቴሌቪዥን ተሠራ። ሳልደብቅ ልናገር፤ መጠጥ ይበዛበታል፣ ለጉባኤ የማይነገር ቀልድም አለበት፣ ለልጆችም አይሆንም። ስለዚህ «ሁላችሁም እዩት» እያልሁ አይደለም። የምነግራችሁ እኔ ያየሁበትን ነው።

ታሪኩ የሚሆነው በቶኪዮ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ክፍል ክፍሉ የሚከራይ። ዩሳኩ ጎዳይ የሚባል ወጣት ይከራይበታል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ እንደገና ለመፈተን የሚያጠና ልጅ ነው። (የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣ ብሎት አንድ ዓመት ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ልጅ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።) ጎረቤቶቹ እንዳያጠና ክፍሉ ገብተው ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ፤ አንደኛው ግድግዳውን ቀዶ ሁሉ ይመጣል። ልጁ መሮት ዕቃውን ሸክፎ ሊወጣ ሲል አዲሷ የቤቱ አስተዳዳሪ በር ላይ ትደርሳለች፤ ኪዮኮ ኦቶናሺ ትባላለች። ጎዳይ አያትና ይቀራል። ይኸው ነው መነሻው። ከዚያ በኋላ በመጽሔቱ ሰባት ዓመት ሲያልፍ በታሪኩም ውስጥ ዓመታቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ሰዎቹ ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ሥራ ይፈልጋሉ።

ኪዮኮ ነጭ ውሻ አላት። ስሙ ሶይቺሮ ነው። ጎዳይ ስሙን መጀመሪያ ሲሰማ የውሻ ስም ብቻ ይመስለዋል። ቆይቶ ነው ሶይቺሮ የሟች ባሏ ስም መሆኑን የሚረዳው። የትምህርት ቤት አስተማሪዋ ነበር፤ ወላጆቿ እየተቃወሙ አገባችው፤ በተጋቡ ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ውሻውንም ከመንገድ ያመጣው እርሱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የልጁ መከራ ምን እንደሚመስል አስቡ። ሕያው ተቀናቃኝ ቢሆን ይወዳደረዋል። በእርግጥም አንድ ሕያው ተቀናቃኝ አለው፤ ሚታካ የሚባል፣ መልከ መልካም፣ ሀብታም፣ ቴኒስ የሚያሠለጥን፤ ጉድለቱ ውሻ መፍራቱ ብቻ ነው። ሚታካን መቅናት ይቻላል፤ ሲሳሳት ማየት፣ መቅደምም ይቻላል። የሞተ ሰው ግን አይሳሳትም፤ አያረጅም፤ ጠዋት ተነጫንጮ አይነሣም። ደራሲዋ የሶይቺሮን ፊት ለአንባቢ አንድም ቀን አታሳይም፤ ሁልጊዜ ጥላ ያጠላበታል። ጎዳይም የሚወዳደረው ፊት ከሌለው ሰው ጋር ነው።

የኪዮኮም ጭንቀት ከእርሱ አያንስም። እርሷ የምትፈራው የሰው ወሬ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ከወደደች፣ ለሶይቺሮ የነበራት ፍቅርና ያለቀሰችው ልቅሶ ሁሉ ውሸት የሚሆን ይመስላታል። «ያን ያህል ወድጄው ከነበረ እንዴት ሌላ ሰው ልወድ ቻልሁ?» የሚል ሐሳብ ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ይህ ሐሳብ የጃፓን ብቻ አይመስለኝም። «አፈሩ ሳይደርቅ» ያለው ወንድማችን ሳያውቀው ያቺን እህት በዚሁ ሐሳብ ነው የወጋት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛ አዳዳ የምንላቸው፣ ጊምቢ ነው የሚኖሩት። ባላቸው በሕመም ሲሞት ገና ወጣት ነበሩ፤ ሁለት ልጆች ይዘው ቀሩ። ዓመት ሳይሞላ የባላቸው ታናሽ ወንድም ሽማግሌ ይዞ መጣ። በእኛ አገር «ዻላ» የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ የሟችን ሚስት ወንድሙ ይወርሳል። ስለ ልማዱ በአንድ አፍ ክፉ ብቻ መናገር አልወድም። በጥንቱ ኑሮ መበለቷ ከመሬቱና ከከብቱ እንዳትነቀል፣ ልጆቹም ከአባታቸው ጎሣ እንዳይወጡ ያደረገ ነገር ነበር። ዛሬ ማኅበራዊ ዋስትና የምንለውን ያን ጊዜ የሚሰጠው ጎሣው ነበርና። ነገር ግን ሴቲቱን ማንም አልጠየቃትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ሲል የሚያፈርሰው ይህንኑ ነው። በዻላ ጥያቄው «ምን ትፈልጊያለሽ?» አይደለም፤ «የማን ናት?» ነው። መልሱም ቀድሞ ታውቋል፤ የሟቹ ናት፣ ስለዚህ የወንድሙ ናት።

አዳዳ እምቢ አሉ። ሰውየው ሚስት ነበረውና ለእምነታቸው የማይሆን ነገር መሆኑን ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቅያሜ ነበር፤ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው በበዓል ቀን የማይመጡ ዘመዶችን ነው።

ቆይቶ አንድ የተማረ፣ በጉባኤው የተከበረ ሰው ለጋብቻ ጠየቃቸው። ሁሉም ደስ አለው። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሟቹ ፎቶግራፍ ይውረድ። በእርሱ በኩል ሲታይ ክፉ ልመና አይደለም፤ በየቀኑ ሌላ ሰው እያየው እራት መብላት ለማን ይመቸዋል? አዳዳ አንድ ሳምንት አሰቡበትና «ልጆቼ አባታቸውን የት ይዩት?» አሉት። ነገሩም በዚያው ቀረ። ብዙ ሰው በእርሳቸው ፈረደ። «ሙት ይዛ ሕያው ገፋች» ተባለ።

ይህን ሳስብ የሩት መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። ሁላችንም ቦዔዝን እናውቀዋለን፤ ያንን ስም የሌለውን ሌላውን ዘመድ ግን እንዘነጋዋለን። በምዕራፍ 4 ላይ ለመቤዠት ከቦዔዝ ይልቅ ቅርብ የነበረው እርሱ ነበር። መሬቱ ሲነገረው ወዲያው «እሺ» አለ። ከመሬቱ ጋር ሩት እንዳለች፣ የሟቹንም ስም በርስቱ ላይ ማስነሣት እንዳለበት ሲሰማ ግን ርስቴን ያበላሽብኛል ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሴቲቱና መሬቱ ከሟቹ ተለይተው ቢመጡለት ኖሮ ምናልባት ባልጠላ። ቦዔዝ ግን በከተማው በር በሽማግሌዎች ፊት ሩትን ሲቀበል የሟቹን ስም እየጠራ ነው የተቀበላት (ሩት 4፥10)። በሠርጉ ቀን የፊተኛውን ባል ስም በአደባባይ የሚጠራ ሙሽራ! እኛ ጋ ቢሆን ሚዜዎቹ ይቆነጥጡት ነበር።

ደግሞ ከዚያ በፊት ኑኃሚን ነበረች። ልጆቿን ቀብራ ሳለች ምራቶቿን ሂዱ፣ አግቡ፣ በባል ቤት ዕረፍት አግኙ ብላ ባረከቻቸው (ሩት 1፥8-9)። በ«ሜዞን ኢኮኩ» ውስጥም ከሁሉ የወደድሁት ሰው ጎዳይ አይደለም፤ የሶይቺሮ አባት ነው። ልጁን የቀበረ ሽማግሌ ነው፤ ምራቱ የልጁን ስም ይዛ ብትኖር ደስ ሊለው ይችል ነበር። እርሱ ግን ገና ወጣት እንደሆነች፣ ከቤተሰቡ መዝገብ ወጥታ አዲስ ሕይወት ብትጀምር እንደሚሻላት ደጋግሞ ይነግራታል። አያባርራትም፤ አይይዛትምም። ልጃቸው የሞተባችሁ ወላጆች ይህን መጽሔት የምታነቡት ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ግን ምራት ያላቸው ወላጆች ያሉን ወጣቶች ብዙ ነን።

የዝናቡን ቀን ጥያቄ አልረሳሁም። ከእኛ በፊት ሰዱቃውያን ጠይቀውታል፤ እነርሱም ለመሳቅ ነበር የጠየቁት። ሰባት ወንድማማቾች አንዲትን ሴት ተራ በተራ አገቧት፤ ሁሉም ሞቱ፤ በትንሣኤ ከሰባቱ የማንኛው ሚስት ትሆናለች? (ማቴዎስ 22፥23-30)። ታሪኩ እንደ ዻላ ያለ ሕግ ላይ የቆመ ስለሆነ ወለጋ ውስጥ ያደገ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። የገረመኝ ጌታ ከሰባቱ አንዱንም አለመምረጡ ነው። በትንሣኤ አያገቡም፣ አይጋቡምም አላቸው። ይህን ሁልጊዜ የማነበው ስለ ሰማይ የተሰጠ ትምህርት አድርጌ ነበር፤ አሁን ግን ሌላም ነገር አየሁበት። ሰባት ባሎች ሲቆጠሩ፣ ሴቲቱ በታሪኩ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ሰባት ጊዜ የተላለፈች ዕቃ ነበረች። ጌታ «የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም፤ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው አለ።

ጎዳይ ወደዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት። መንገዱም የጀግና መንገድ አልነበረም። አንዲት ሌላ ልጅን እምቢ ለማለት ወኔ አጥቶ ለረጅም ጊዜ ተስፋ ሰጥቷታል፤ ይህንን ደራሲዋ በሣቅ ብታልፈውም እኔ አላልፈውም፣ የእኛ ኅብረት ወንድሞችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ሥራ አጥቶ ተንከራተተ፤ በመጨረሻ ሕፃናት የሚጠብቅና የሚያስተምር ሆነ። ለጋብቻ ከተነጋገሩ በኋላ ነው ብቻውን ወደ ሶይቺሮ መቃብር የሚሄደው። ኪዮኮም በዚያው ቀን የሟቹን ዕቃዎች ለአባቱ ልትመልስ መጥታ ነበርና፣ ሳያያት ከኋላ ቆማ ትሰማዋለች።

የሚለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ እርሷን ባገኘሁባት በመጀመሪያዋ ቀን አንተ በልቧ ውስጥ ነበርህ፤ ስለዚህ የወደድኋት አንተ ያለህባትን እርሷን ነው፤ አንተንም ጨምሬ እወስዳታለሁ።

ሙታንን አናነጋግርም፤ ይህን ለማንም ማስተማር አያስፈልገኝም። ሶይቺሮም አልሰማውም። የሰማችው ከኋላ የቆመችው ናት። እኔን የነካኝ ግን የነገሩ እውነትነት ነው። ኪዮኮ ሶይቺሮን ባታገባና ባትቀብር ኖሮ ጎዳይ የወደዳት ሴት አትሆንም ነበር። ዝምታዋ፣ ቅናቷ፣ በየጠዋቱ በረንዳ ስትጠርግ የምታስበው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። «አንቺን እወድሻለሁ፣ ያለፈውን ግን አልፈልግም» የሚላት ሰው የሌለች ሴት ነው የሚወደው። የተማረው ሰውዬ ከአዳዳ የፈለገው ይህንን ነበር። ፎቶግራፉ ቢወርድ እንኳ አዳዳ ያው ናቸው፤ የተቸነከረበት ቦታ ብቻ ባዶ ይሆናል።

የዴንማርኩ ሉተራዊ አሳቢ ሶረን ኪርከጋርድ በ1847 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የፍቅር ሥራዎች» በሚለው መጽሐፉ የሞተን ሰው ስለ ማስታወስ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። ሐሳቡ፣ የሞተ ሰው ብድር አይመልስም፣ አያስገድድም፣ አያመሰግንም፤ ስለዚህ የሞተን መውደድ ጥቅም የማይፈልግ ፍቅር የሚፈተንበት ቦታ ነው የሚል ነው። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መበለት ከመቃብር አትራቅ ማለት ነው» ሊል ይችላል። ኪርከጋርድ ግን መጨረሻው ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚወስደው፤ ከሙታን የተማራችሁትን፣ ብድር የማይጠብቀውን ፍቅር፣ ለሕያዋን አድርጉት ይላል። በዚህ መንገድ ካየነው ኪዮኮ ለሶይቺሮ የነበራት ፍቅር ለጎዳይ እንቅፋት አይደለም። እንዲያውም እንዴት እንደምትወድ ያወቀው ከዚያ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ይቀራል፤ ትክክለኛም ነው። ሳያገቡ በመቅረት የታመኑትስ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን የወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳን ስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ባለቤታቸው የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከአምልኮ ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። እርሳቸውም በኋላ ታስረው፣ ተሠቃይተው፣ ወደ 10 ዓመት በእስር ኖሩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከ12 ዓመት በላይ መቃብር የሌለው ሐዘን! በ2007 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ያንን ስም ይዘው ኖሩ፤ ማንም ስለ እርሳቸው «ሙት ይዛ» ሊል አይደፍርም።

ስለዚህ ማግባት ከመቅረት ይበልጣል እያልሁ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በአንድ ቦታ መበለቲቱ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነፃ ናት፣ እንዲያው ብትኖር ግን ይበልጥ ደስተኛ ናት ይላል (1ቆሮንቶስ 7፥39-40)፤ በሌላ ቦታ ወጣቶቹ መበለቶች እንዲያገቡ ይወዳል (1ጢሞቴዎስ 5፥14)። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። የእኛ ክፋት የአንዲቱን ታማኝነት ወስደን ለሌላይቱ ዱላ ማድረጋችን ነው። የወ/ሮ ፀሐይ ታማኝነት የእርሳቸው ነው፤ በሃያ ሦስት ዓመቷ ባሏን የቀበረች ልጅ ራስ ላይ የሚያርፍ ዱላ አይደለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትቆይ ያዝዛል፤ ያውም የሚወለደው ልጅ አባት እንዳያጠራጥር ነው። የኛ ሰፈር ሕግ ግን ቀን የለውም፤ በ6 ወር ብታገባ «ቸኮለች»፣ በ6 ዓመት ብታገባ «ይህን ያህል ቆይታ ደግሞ ምን አስፈለጋት»።

ኪዮኮ ጋብቻውን ስትቀበል ጎዳይን የምትለምነው አንድ ነገር አለ፤ ከእርሷ አንድ ቀን እንኳ በልጦ እንዲኖር። ሁለተኛ ባል መቅበር እንደማትችል ነው የምትነግረው። እንዲህ ያለ ቃል ሰው ሊጠብቅ አይችልም፤ ዘመናችን በእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ያዕቆብም ነገ የሚሆነውን አታውቁም ይለናል። ቢሆንም ያቺን ልመና ሳየው ለመተቸት አፌ አልተከፈተልኝም። እዚህ አካባቢ ማታ ባሏ ከመንገድ እስኪገባ ድረስ በር በሩን የምታይ ሴት ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቀዋለች። ሁለተኛ ጊዜ የምታገባ ሴት «ረሳች» የሚሏት ሰዎች ይህን አላዩም። የረሳችማ ብትሆን ምን ያስፈራት ነበር?

አዳዳ ከዓመታት በኋላ አገቡ። ያገባቸው አናጺ ነው፤ ብዙ የማይናገር ሰው። መጀመሪያ ቤታቸው የገባ ቀን እኔም እዚያ ነበርሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ገደማ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ፎቶግራፉን ሲያይ አየሁት፤ መስተዋቱ ከማዕዘኑ ተሰንጥቆ ነበር። ጠብ የሚነሣ መስሎኝ ፈራሁ። ሰውየው ተነሥቶ አወረደውና «ይህ እርጥበት ያስገባበታል» አለ። ይዞት ሄደ። በሳምንቱ አዲስ መስተዋትና ከዋንዛ የተሠራ ፍሬም አድርጎለት መለሰውና ራሱ ሰቀለው። እኔ በዚያን ጊዜ ጠላሁት፤ አጎቴን የሰረቀ ሰው መስሎ ታየኝ። ለምን እንደ ተሳሳትሁ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ዓመት ሄደ፤ ያስረዳኝም፣ ስናገረው ያሳፍረኛል፣ የጃፓን ካርቱን ነው።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ጊምቢ ሄጄ የመጨረሻውን ክፍል በስልኬ አሳየኋቸው። ጎዳይና ኪዮኮ ተጋብተው፣ ሴት ልጅ ወልደው፣ ሕፃኗን ይዘው ወደዚያ አሮጌ ቤት ይመለሳሉ። እኔ በኦሮምኛ እየተረጎምሁላቸው አዳዳ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ተመለከቱ። ባላቸው ጓሮ እንጨት ሲልግ ይሰማል። ሲያልቅ ስለ ጋብቻው ምንም አላሉም፤ ስለ መቃብሩም አላሉም።

«ውሻው አሁን ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ያው ነው ስሙ፣ አዳዳ፤ ሶይቺሮ።»

«ደግ አደረጉ» አሉና ጓሮ ላለው ሰው ቡና እንድወስድለት ስኒውን ሰጡኝ።